የሞተር ድራይቨሩ ፕሮፖዛል፦ እስከ ሐሙስ እንጨርስ

ጸሐፊ (የ92 ባች)፣ ሰኞ
የትምህርት ቤታችን የሮቦት ክፍል ፕሮፖዛል ገንዘብ እንዲረዱን ሐሙስ ዱባይ ላሉት የድሮ ተማሪዎች ይላካል። እስካሁን የተጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «ለ10 ባለሁለት ጎማ ሮቦት 10 ሞተር ድራይቨር» (የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚያቀብለው ሰሌዳ)። የትኛው ዓይነት? ያለፈው ዓመት ውርደት እንዳይደገም።

ቲቸር፣ ሰኞ
ያለፈው ዓመት ኤል298ኤን ነበር። ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ለእኛ ስለማይሆን ነው። ውስጡ የድሮ ዓይነት ትራንዚስተር ነው፣ መንገድ ላይ 2 ቮልት ገደማ ይበላል። አራት ባትሪ ድንጋይ 6 ቮልት ነው፣ ሞተሩ ጋ 4 ይደርሳል። ቻርጅ የሚደረገው ድንጋይ ደግሞ ሲጀመር 4.8 ስለሆነ 2.8 ይቀራል። ሮቦቱ ሲጥ ሲጥ ይላል እንጂ አይነሳም፤ ልጆቹ በጣት እየገፉ ነው ያስጀመሩት፣ ያውም በወላጆች ፊት። ቲቢ6612 ይገዛ። በሞስፌት (በአዲሱ ዓይነት ትራንዚስተር) ነው የሚሠራው፣ የሚበላው ቮልት ትንሽ ነው፣ በሞተር 1.2 አምፒር ይችላል።

ኤሌክትሪሻኑ (የ89 ባች)፣ ሰኞ
ቲቸር፣ እሷ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ከተገለበጠባት አለቀላት። የእኛ ልጆች ደግሞ ይገለብጣሉ። ኤል293ዲ በሶኬት ይሁን። 600 ሚሊአምፒር ብቻ ናት፣ ግን ስትቃጠል ነቅለህ ሌላ ትሰካለህ።

ቲቸር፣ ሰኞ
እሷም ቮልት ትበላለች እኮ። ዞረን እዚያው።

የሳቢያኑ ልጅ (የ2004 ባች)፣ ሰኞ ማታ
አቦ ምን አስጨነቃችሁ! የባጃጅ ሪሌይ ቤቴ ሞልቷል፣ በነጻ ውሰዱ።

ቲቸር፣ ሰኞ ማታ
ሪሌይ ያበራል ያጠፋል እንጂ ፍጥነት አይቀንስም። አርዱዪኖ (የሮቦቱ አንጎል) ሞተሩን ቀስ የሚያስብለው በሴኮንድ 490 ጊዜ እያበራ እያጠፋ ነው። የአንተ ሪሌይ ይህን ሊከተል?

የከዚራዋ (የ95 ባች)፣ ሰኞ ማታ
ነገ ታይዋን ገበያ ገብቼ የሁሉንም ዋጋ ይዤ እመጣለሁ። ለእኔ ተዉት።

ገንዘብ ያዥ፣ ማክሰኞ
ያለ ደረሰኝ አልከፍልም፣ ታይዋንም ይሁን ሌላ። ያለን 18,000 ብር ነው። የሮቦት ክፍሉ ቁምሳጥን ቁልፍና ቀለምም ከዚሁ ነው የሚወጣው።

ጋሼ (የ82 ባች)፣ ማክሰኞ
ቀለም? ቁምሳጥኑን የሰጠነው እኛ ነን። በሩ ላይ «የ82 ባች ስጦታ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ማን አጠፋው?

ኤሌክትሪሻኑ፣ ማክሰኞ
ጋሼ፣ ማንም ሆን ብሎ አላጠፋውም። ዝጎ ስለነበር የ89 ባች ቀባነው።

ጋሼ፣ ማክሰኞ
ዝገት ፊደል መርጦ ይበላል? የእኛ ጽሑፍ ሲጠፋ «እድሳት በ89 ባች» እንዴት ከላይ ወጣ?

የሳቢያኑ ልጅ፣ ማክሰኞ
ወላሂ ለአንድ ቁምሳጥን!

ጋሼ፣ ማክሰኞ
አንተ ዝም በል፣ ቁምሳጥኑ ሲገባ አልተወለድክም።

ኤሌክትሪሻኑ፣ ማክሰኞ
እንዲህ ከሆነ የቀለሙንና የሠራተኛውን ገንዘብ ይመልሱልን፣ እኛም በሩን በሚወዱት ቀለም እንመልስልዎ።

(ከዚህ በታች የነበሩትን 14 መልዕክቶች አነሳኋቸው። ስድብ ማንንም አይጠቅምም። — ጸሐፊ)

ጸሐፊ፣ ረቡዕ
ዛሬ ሄጄ አየሁት። በሩ አረንጓዴ ነው፤ በመስኮቱ በኩል ቆማችሁ በጎን ስታዩት የ«2» ጅራት ከቀለሙ ሥር ጎላ ብሎ ይታያል። ጋሼ እውነታቸውን ነው። ውስጥ ደግሞ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘሁ፣ ያለፈው ዓመት ድራይቨሮች በሙሉ አሉበት። ሦስቱ ጠቁረዋል።

ቲቸር፣ ረቡዕ
ሰባቱ ደህና ናቸው?! ተጥለዋል ተብዬ ነበር እኮ። እንግዲያው ስሙኝ፦ ድራይቨር አንግዛ፣ ባትሪ እንቀይር። ሁለት 18650 (ቻርጅ የሚደረግ የሊቲየም ባትሪ) በተከታታይ 7.4 ቮልት ነው፣ 2 ቢበላ 5.4 ይቀራል። ለቢጫዎቹ ሞተሮች ልክ ነው። 14 ባትሪ፣ ማስቀመጫና ቻርጀር ይበቃናል።

ኤሌክትሪሻኑ፣ ረቡዕ
ይሄ ነገር ነው። ላዩ ላይ 9800 ሚሊአምፒር-ሰዓት የተጻፈበትን ባትሪ ግን አትንኩ፣ ውሸት ነው። እውነተኛው 3500 አካባቢ ነው ጣሪያው።

ጋሼ፣ ረቡዕ
ጸሐፊው አየሁ ካለ ይበቃኛል። የቀለሙን ገንዘብ እኔ እከፍላለሁ። ግን 82 ከላይ፣ 89 ከታች።

ኤሌክትሪሻኑ፣ ረቡዕ
ጎን ለጎን።

ገንዘብ ያዥ፣ ረቡዕ
በቀለም ከተጻፈ ነገ ደግሞ ሌላው ይቀባዋል። የነሐስ ሰሌዳ ይሁንና የሁሉም ባች ይጻፍ። ዱባይ ያሉትም ስማቸውን ካዩ እጃቸው ይፈታል።

የሳቢያኑ ልጅ፣ ረቡዕ
ይህን ነገር ደግፌያለሁ። የ2004ም ይግባ።

ጸሐፊ፣ ሐሙስ
የተላከው ይህ ነው፦ «የሮቦት ክፍል ቁምሳጥን እድሳትና የመታሰቢያ ሰሌዳ፤ እንዲሁም ልዩ ልዩ የኤሌክትሪክ ዕቃ»። የስም ቅደም ተከተል በዓመተ ምሕረት።

ቲቸር፣ ሐሙስ
ባትሪውስ?

ጸሐፊ፣ ሐሙስ
«ልዩ ልዩ» ውስጥ አለ።

ቲቸር፣ ሐሙስ
ስንት ተያዘለት?

ገንዘብ ያዥ፣ ሐሙስ
ሰሌዳው ተሠርቶ የሚተርፈው። ታይዋን የሄደችውስ ዋጋ አመጣች?

ቲቸር፣ ዓርብ
የቁምሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው? ሰኞ ክፍል አለኝ።