ጁፒተርን ስቀርጽ ሁሌ ብዥ ይልብኛል፤ ችግሩ ምን ላይ ነው?

ጀማሪ 150 (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የጁፒተር ፎቶ ነገር አልሆን ብሎኛል፣ እባካችሁ እርዱኝ።

ቴሌስኮፔ ኒውቶኒያን (በመስታወት የሚሠራ ዓይነት) ነው። የመስታወቱ ስፋት 150 ሚሊሜትር፣ የፎከስ ርዝመቱ 750፣ ማለትም ኤፍ 5 (የፎከስ ርዝመቱ ለስፋቱ ሲካፈል)። ማቆሚያው በሞተር ይከታተላል። ካሜራዬ ባለ ቀለም የፕላኔት ካሜራ ነው፤ ፒክስሉ 2.9 ማይክሮን። ባለ 2 እጥፍ ባርሎ (ምስሉን የሚያጎላ ተጨማሪ ሌንስ) እጠቀማለሁ። ቴሌስኮፑን ከቤት አውጥቼ እንዳቆምኩት መቅረጽ እጀምራለሁ። በዚያ ሰዓት ጁፒተር ከጎረቤት ጣሪያ በላይ ነው፣ ከአድማስ 25 ዲግሪ ገደማ። ኤክስፖዠሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚሰበስብበትን ጊዜ) 60 ሚሊሰከንድ አድርጌ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። ጌይኑን (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበትን መጠን) ዝቅ የማደርገው ከፍ ሲል ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ስለሚመስል ነው። ከዚያ አውቶስታከርት በሚባለው ፕሮግራም ከፍሬሞቹ (ከቪዲዮው ነጠላ ምስሎች) 80 በመቶውን ወደ አንድ ምስል እደምራለሁ።

የሚወጣው ሁለት የደበዘዙ መስመሮች ያሉት ክብ ነገር ነው። ታላቁ ቀይ ነጥብ (የጁፒተር ግዙፍ አውሎ ነፋስ) የለም። በዓይንም 6 ሚሊሜትር አይፒስ (ዓይን የሚጠጋበት ሌንስ) ከባርሎው ጋር ስጠቀም (250 እጥፍ መሆኑ ነው) ያው ብዥ ይላል። ትልቅ ቴሌስኮፕ ልግዛ ወይስ ሌላ ነገር ነው?

ባለ ዶብሶን

ምንም እንዳትገዛ። 150 ሚሊሜትር መስታወት የጁፒተርን ቀበቶዎች፣ ቀዩን ነጥብ፣ የጨረቃዎቹን ጥላ ጭምር ያሳያል።

መጀመሪያ ሙቀቱን እናስተካክል። ቤት ውስጥ የነበረ መስታወት ከውጭው አየር ይሞቃል። እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቱቦው ውስጥ ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ምስሉም ይርገበገባል። ለአንተ መጠን ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃል፣ የውስጥና የውጭው ልዩነት ብዙ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ጨምርበት። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ አንድ ደማቅ ኮከብ ያዝና ፎከሱን በደንብ አበላሸው። በሰፋው ክብ ውስጥ እንደ ጭስ የሚዞር ነገር ካየህ ገና አልቀዘቀዘም።

ጣሪያውም ጠላትህ ነው። ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ሲተፋ ያድራል። 25 ዲግሪ ላይ ደግሞ ብርሃኑ የሚያልፈው አየር ከአናትህ በላይ ካለው ከእጥፍ በላይ ነው። ፕላኔቱ 45 ዲግሪ እስኪያልፍ ጠብቅ፣ ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል። ሣር ወይም አፈር ላይ ማቆም ከሲሚንቶ ይመረጣል።

250 እጥፉንም ተወው። በ6 ሚሊሜትሩ ብቻ 125 እጥፍ ታገኛለህ፣ በ10 ሚሊሜትር እና ባርሎ ደግሞ 150። አብዛኛውን ሌሊት አየሩ ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ዓይንህን አይፒሱ ላይ አቆይ፣ በጥድፊያ አትየው። አየሩ ለሰከንድ ጸጥ ሲል ዝርዝሩ ብቅ ይላል፤ የፕላኔት ተመልካች ሥራው ያችን ሰከንድ መጠበቅ ነው።

የሌሊት ሰው

ባለ ዶብሶን ባለው እስማማለሁ፤ እኔ ወደ ቪዲዮው ልሂድ፣ ምክንያቱም እዚያ ሁለት ትልልቅ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ 10 ደቂቃ በጣም ረጅም ነው። ጁፒተር ራሱን የሚዞረው በ9 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ገደማ ነው። ስፋቱ 45 አርክ ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ነው) ሆኖ በሚታይበት ጊዜ፣ የፊቱ መሃል ላይ ያለ ነጥብ በየደቂቃው ወደ 0.24 አርክ ሰከንድ ይንቀሳቀሳል። የአንተ ቴሌስኮፕ ሊለየው የሚችለው ትንሹ ነገር 0.8 አርክ ሰከንድ አካባቢ ነው። እንግዲህ አስላው፦ በ3 ደቂቃ ውስጥ እንቅስቃሴው ገና ከዚያ በታች ነው፣ በ10 ደቂቃ ግን 2.4 ይደርሳል። አየሩ እንደ መስታወት ጸጥ ቢል እንኳ ፕላኔቱ ራሱ በመዞሩ ዝርዝሩን ጠርጎታል ማለት ነው። 2 ደቂቃ ቅረጽ። ብዙ ቪዲዮ ከፈለግህ በተከታታይ ቅረጽና በኋላ ዊንጁፖስ በሚባለው ፕሮግራም ዙረቱን አስተካክለህ ታዋህዳቸዋለህ። ይሄ ግን ለኋላ ይቆይ።

ሁለተኛ፣ 60 ሚሊሰከንድ። የኤክስፖዠሩ ማጠር ዓላማው የአየሩን እንቅስቃሴ ማስቆም ነው። በ60 ሚሊሰከንድ ውስጥ ምስሉ ይናጣል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ፍሬም ሲወለድ ብዥ ብሎ ነው የሚወለደው፣ ያንን ደግሞ የትኛውም ሶፍትዌር አያድነውም። ለጁፒተር ከ5 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ተጠቀም፣ ጌይኑን ሂስቶግራሙ (የምስሉን ብርሃን የሚያሳየው ግራፍ) ከ50 እስከ 70 በመቶ እስኪሞላ ድረስ ከፍ አድርገው። ፍሬሙ ሻካራ ይሆናል፣ አትፍራው። ሺዎች ሲደመሩ ሻካራነቱ ይጠፋል፣ ብዥታው ግን አይጠፋም።

የሚቀረጸውን ቦታም በፕላኔቱ ዙሪያ ቁረጠው፤ 640 በ480 ይበቃል። ያኔ ካሜራው በሰከንድ 100 ፍሬም ገደማ መስጠት ይችላል፣ በ2 ደቂቃ 12,000 ፍሬም ሆነልህ። ከዚያ ውስጥ ምርጡን ከ10 እስከ 25 በመቶ ብቻ ደምር። 80 በመቶ ስትደምር መጥፎዎቹን ሁሉ ጨምረህ ነው።

ቪዲዮውን በምን ፎርማት ነው የምታስቀምጠው? ኤምፒ4 ከሆነ ተወው፤ ሲጨምቀው ዝርዝሩን ይበላዋል። በመቅረጫ ፕሮግራሞቹ በሻርፕካፕም ሆነ በፋየርካፕቸር ላይ ኤስኢአር የሚባለውን፣ የማይጨምቀውን ፎርማት ምረጥ።

አዮ

ቀዩ ነጥብ ስለጠፋብህ አትደንግጥ። ግማሹን ጊዜ በሌላኛው ፊት ነው ያለው። በደንብ የሚታየው መሃሉን ከሚያልፍበት ሰዓት አንድ ሰዓት ገደማ ቀደምና ዘግየት ባለው ጊዜ ነው። የሚያልፍበትን ሰዓት የሚነግሩህ አፖች አሉ፣ አይተህ ውጣ።

ፎከስ ለማድረግ ፕላኔቱን አትይ። ከጎኑ ያሉትን ጨረቃዎች ተጠቀም፦ ጌይኑን ለጊዜው ከፍ አድርግና አዮ ወይም ጋኒሜድ ትንሿ ነጥብ እስኪሆኑ አስተካክል። የጁፒተር ጠርዝ ራሱ ለስላሳ ስለሆነ ያታልላል።

ባለ 3 እጥፍ ባርሎም ያስፈልግሃል። ለባለ ቀለም ካሜራ የሚስማማውን ኤፍ ለማግኘት ፒክስሉን በ5 ማባዛት ነው፤ 2.9 በ5 ሲባዛ 14.5 ይመጣል፣ ማለትም ኤፍ 15 ገደማ። አንተ በባለ 2 እጥፉ ባርሎ ያለህበት ኤፍ 10 ነው።

ባለ ዶብሶን

አዮ፣ ስሌቱ ልክ ነው፣ ግን አሁን ባርሎ ግዛ አልለውም። በኤፍ 10 ጁፒተር 113 ፒክስል ገደማ ይሰፋል፣ በኤፍ 15 ደግሞ 169። ሌላው ሳይስተካከል ይህ ብዥታውን ያሰፋል እንጂ አይቀንሰውም፣ ብርሃኑም ይሳሳል። በኤፍ 10 ጥርት ያለ ምስል ካገኘ በኋላ ይግዛ።

አዮ

እሺ፣ በቅደም ተከተሉ አልከራከርህም። አየሩ በረጋ ሌሊት ግን ልዩነቱን ያየዋል።

ጀማሪ 150 (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ። አዎ፣ ኤምፒ4 ነበር፣ ወደ ኤስኢአር ቀይሬዋለሁ። አንድ ሰዓት አቀዝቅዤ፣ ጁፒተር ከፍ ካለ በኋላ፣ በ8 ሚሊሰከንድ 2 ደቂቃ ቀረጽኩ። ልዩነቱ ሌላ ነው! አራት መስመር ይታያል፣ በመስመሮቹ ጠርዝ ላይም ጉብታ ጉብታ ነገር አለ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ኮከቡን ፎከሱን ሳበላሸው መሃል ላይ ያለው ጥቁር ጥላ ወደ አንድ ጎን ያደላል። ሌላው፣ ፕላኔቱ በአንድ ጠርዝ ሰማያዊ፣ በተቃራኒው ቀይ ቀለም አለው።

የሌሊት ሰው

ጥላው ማድላቱ የመስታወቶቹ አሰላለፍ መዛነፉ ነው፣ ኮሊሜሽን የሚባለው። ኤፍ 5 ላይ ትንሽ መዛነፍም ዋጋ ያስከፍላል። ቀን በኮሊሜሽን ካፕ (መሃሉ የተበሳ ክዳን) ወይም በሌዘር ጀምር (ሌዘሩ ራሱ ልክ መሆኑን ቦታው ላይ አዙረህ አረጋግጥ)፣ ማታ ደግሞ በኮከብ ጨርስ። ኮከቡን መሃል አድርግ፣ ከዋናው መስታወት ኋላ ካሉት ሦስት ማስተካከያ ብሎኖች አንዱን በጣም በትንሹ አዙር፣ ኮከቡን እንደገና ወደ መሃል መልስ፣ እይ። ቀለበቶቹ አንድ መሃል ሲኖራቸው አበቃ። መስታወቱ ሳይቀዘቅዝ ግን አትጀምር፣ ትለፋለህ።

ቀለሙ የከባቢ አየሩ ሥራ ነው። ሰማያዊውን ከቀዩ ይበልጥ ያጎብጠዋል፣ ፕላኔቱ ዝቅ ሲል ይብሳል። አውቶስታከርትም፣ ሬጂስታክስ የሚባለው ምስል ማጥሪያ ፕሮግራምም ቀለሞቹን መልሶ የሚያስተካክል ምርጫ አላቸው፣ ለጊዜው እሱ ይበቃሃል። ሬጂስታክስ ላይ ዌቭሌቱን (ዝርዝሩን የሚያጎላውን ማስተካከያ) ስትነካ እጅህን ቀለል አድርግ፤ ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ከወጣ አብዝተኸዋል።

ጀማሪ 150 (ጠያቂ)

ገባኝ። ሳተርንም በዚሁ ቅንብር ይሄዳል?

ቀለበት ወዳድ

አይሄድም፣ ሳተርን በጣም ደብዛዛ ነው። ከ15 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ያስፈልግሃል፣ ሂስቶግራሙም 50 በመቶ ከሞላ ይበቃል። ፊቱ ላይ ደማቅ ዝርዝር ስለሌለ 4 ወይም 5 ደቂቃ ብትቀርጽ ዙረቱ አያስቸግርህም። ቀለበቱ በ2025 እ.ኤ.አ. በጠርዙ በኩል ዞሮልን ስለነበር ቀጭን ሆኖ ብታየው ቴሌስኮፕህን አትጠራጠር፤ ከዓመት ዓመት እየተከፈተ ነው የሚሄደው። ለፎከስ ደግሞ ቀለበቱን ከሚከፍለው ከካሲኒ ክፍተት የተሻለ የለም፦ በቀለበቱ ሁለት ጫፎች ላይ ያችን ጥቁር መስመር ፈልጋት፣ በጣም የጠቆረችበት ቦታ ላይ አቁም።