«ሐሰን»ን ስፈልግ «ሃሰን» አይመጣም፦ የሆሄያት ልዩነትና የዳታቤዝ ፍለጋ

ከጦሳ ሥር (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ለሚገኝ አንድ የጅምላ መደብር በፒኤችፒ የፕሮግራም ቋንቋና በማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ የደንበኞች መዝገብና የትእዛዝ መቀበያ ሠርቼ ካስረከብሁ ሁለት ወር ገደማ ሆኖኛል። ባለፈው ሳምንት የመደብሩ ሒሳብ ያዥ ደውላ የአንድ የሐይቅ ነጋዴ ዱቤ አልገጥም እንዳላት ስትነግረኝ ሐረጎን ወርጄ ሄድሁ። መዝገቡን ስንከፍተው አንዱ ሰው ሦስት ቦታ ተመዝግቧል፤ አንድ ቦታ «ሐሰን» ከ«ሐይቅ»፣ ሌላ ቦታ «ሀሰን» ከ«ሀይቅ»፣ ሦስተኛው ላይ «ሃሰን» ከ«ሃይቅ»፤ ዱቤውም በሦስቱ ላይ ተበታትኗል። ሒሳብ ያዧ ስሙን ፈልጋ ስታጣው እንደ አዲስ ደንበኛ መዝግባዋለች፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእርሷ አይደለም።

ዳታቤዙ ፊደላችንን በሚይዘው በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አቀማመጥ ነው፤ በልዩ ልዩ መንገድ የተቀመጠን አንድ ፊደል ወደ አንድ መልክ የሚያመጣውን ዩኒኮድ ኖርማላይዜሽንንም ሞክሬ ምንም አልለወጠልኝም። በፍለጋው ትእዛዝ ውስጥ አንዱን ፊደል በሌላው የሚተካውን ሪፕሌስን በላይ በላዩ እየደራረብሁ ስጽፍ ውጤቱ ትክክል ይሆናል፤ ነገር ግን ገጹ እስኪከፈት ቡና ይፈላል። እናንተ ይህን እንዴት ትሠሩታላችሁ?

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ኖርማላይዜሽኑ ያልረዳዎት ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ዘንድ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት ራሳቸውን የቻሉ ፊደላት ስለሆኑ ነው። ይህም ስሕተት አይደለም፤ ትግርኛ ሐን ከሀ፣ ዐን ከአ በድምፅ ይለያልና፣ ማዋሐዱ ለአማርኛ ፕሮግራም ጸሐፊ የተተወ ሥራ ነው።

ሪፕሌሱ የዘገየው ኢንዴክሱ (ፍለጋን የሚያፋጥነው ማውጫ) የተሠራው በስሙ ላይ እንጂ በሪፕሌሱ ውጤት ላይ ስላልሆነ፣ ዳታቤዙ በእያንዳንዱ ፍለጋ ረድፉን ሁሉ እያነሣ ማስላት ስላለበት ነው። እኔ ከስሙ ኮለም (ዓምድ) አጠገብ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ኮለም ከፍቼ ኢንዴክሱን በእርሱ ላይ እሠራለሁ። ዋናው ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጣል፤ ደረሰኝ ላይ የሚወጣውም እርሱ ነው፤ የሰው ስም ሆሄ መለወጥ የእኛ ድርሻ አይደለምና።

የፊደላቱን ሰንጠረዥ በእጅ መልቀም አያስፈልግም። በዩኒኮድ ቁጥራቸው ከሐ ላይ 16፣ ከኀ ላይ 128 ሲቀነስ ሀ ይገኛል፤ በሠ ላይ 16 ሲደመር ሰ፣ ከዐ ላይ 48 ሲቀነስ አ፣ ከፀ ላይ 8 ሲቀነስ ጸ ይሆናል። ስሌቱ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ለሰባቱም ይሠራል። ሗ ግን በዚሁ መንገድ ከሄደች ሇ ላይ ትወድቃለችና እርሷን ለብቻዋ ወደ ኋ ይመልሷት። ከዚያ በኋላ ሃንና ኻን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ይለውጡ። ይህን ሁሉ የሚሠራው ፈንክሽን ሲመዘገብም ሲፈለግም መጠራት አለበት፤ በአንዱ በኩል ብቻ ከተጠራ ከበፊቱ የባሰ ይሆናል።

ፊደል የሚተካውን የፒኤችፒ ፈንክሽን ኤስቲአርቲአርን የሚጠቀሙ ከሆነ ምትኮቹን በአሬይ (ጥንድ ጥንድ በሆነ ዝርዝር) ይስጡት። በሁለት ጽሑፍ ከሰጡት ባይት በባይት ይቀይራል፤ የእኛ አንድ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ስለሆነ ጽሑፉ ይበላሻል። የጽሑፍን ርዝመት የሚቆጥረው ስትርለን «ኮምቦልቻ»ን 15 የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የነባሮቹን ረድፎች መፈለጊያ ከመሙላትዎ በፊት ባክአፕ ይያዙ፤ እኔ በአጋማሹ መብራት ሄዶብኝ የትኛው ረድፍ እንደተሞላ ስለይ አድሬያለሁ።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን የመፈለጊያው ኮለም እንዳይደገም አድርገው እንዳይቆልፉት፣ የተበታተኑትንም መዝገቦች ፕሮግራሙ ራሱ እንዲያዋሕድ እንዳያደርጉ አደራ እላለሁ። ሐሰን ዓሊ የሚባል ሰው ወሎ ውስጥ ስንት እንዳለ መቼም አይጠፋዎትም። አዲስ ደንበኛ ሲመዘገብ ተመሳሳዮቹ ከነስልክ ቁጥራቸው ለሒሳብ ያዧ ይታዩና እርሷ ትምረጥ። «ሰይድ»ና «ሰዒድ»ም በዚህ ፈንክሽን አይገናኙም፤ እንዳይገናኙም ይተዋቸው፤ የዱቤ ነገር ነው።

ከጦሳ ሥር (ደሴ)

እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ሠርቼ ዛሬ አሳየኋት፤ ሦስቱም አንድ ላይ መጡ፤ ስልኩን አመሳክራ ራሷ አዋሐደቻቸው። አሁን ያስቸገረኝ የዕቃዎቹ ገጽ ነው። በዚያ ላይ የተጠቀምሁት ፉልቴክስት (በቃላት ማውጫ የሚሠራ) ፍለጋ «ስኳር»ና «ዘይት»ን ያመጣል፤ «ጨው»፣ «ሻይ»ና «ጤፍ»ን ግን እንደሌሉ ይቆጥራል። የሆሄ ችግር እንዳልል ሞክሼ ፊደል የለባቸውም።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ፊደሎቹን ይቁጠሯቸው፤ ሦስቱም ባለ ሁለት ፊደል ናቸው። የኢንኖዲቢ (የማይኤስኪውኤል የሠንጠረዥ ማከማቻ) ፉልቴክስት ካልተለወጠ በቀር ከ3 ፊደል ያነሰ ቃልን ኢንዴክስ ውስጥ አያስገባም። በእንግሊዝኛ ይህ ጥቃቅን ቃላትን ለመጣል ይጠቅም ይሆናል፤ በእኛ ግን «ቤት»ንም «ሥጋ»ንም ይጥላል። ልኩን ወደ 2 ለማውረድ የሰርቨሩን ቅንብር ለውጦ ማስነሣትና ኢንዴክሱን እንደገና መሥራት ያስፈልጋል፤ የሚጠቀሙት የጋራ ሆስቲንግ ከሆነ ግን ይህን አይፈቅዱልዎትም። በዚያ ጊዜ ኢንዴክሱን በኤንግራም ፓርሰር (ቃል ቆራጭ) ይሥሩት፤ እርሱ ሳይነኩት በሁለት ሁለት ፊደል ይቆርጣል። የመደብሩ ዕቃ ጥቂት መቶ ብቻ ከሆነ ደግሞ ፉልቴክስቱን ትተው ላይክ የተባለውን ተራ ፍለጋ ይጠቀሙ፤ ለዚያ ያህል ረድፍ ልዩነቱን ማንም አያየውም።