ክርክር፦ ልጅን ከመመገቢያ ቱቦ ለማላቀቅ ማስራብ ተገቢ ነውን?

አወያይ፦ አንዳንድ የሕክምና ቡድኖች በአፍንጫ ወይም በሆድ በኩል ወደ ጨጓራ በሚገባ ቱቦ የሚሰጠውን ምግብ በጥቂት ቀናት ውስጥ በእጅጉ በመቀነስ ልጁ እንዲርበውና በአፉ እንዲበላ ያደርጋሉ፤ ሌሎች ግን በሳምንታትና በወራት ቀስ በቀስ ይቀንሳሉ። የትኛው ይሻላል?

አንዲት እናት፦ ፈጣኑን መንገድ እቃወማለሁ። ልጄ ያለጊዜው ተወልዶ ለወራት በአፍንጫው ቱቦ የተመገበ ነው፤ ማንኪያ ከሩቅ ሲያይ ከንፈሩን ገጥሞ ፊቱን ያዞር ነበር። ቱቦው ሲቀየርና ፕላስተሩ ከጉንጩ ሲላጥ የቀመሰው ሥቃይ ሁሉ ፊቱና አፉ አካባቢ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ልጅ ማስራብ በፍርሃት ላይ ፍርሃት መጨመር ነው።

አንድ አባት፦ እህቴ፣ ፍርሃቱን አልክድም። ነገር ግን ረሃብን የማያውቅ ልጅ ለምን ይበላል? ልጃችን ሌሊቱን ሙሉ በፓምፕ ሲመገብ ያድር ስለነበር፣ ጠዋት «ምግብ አይወድም» እያልን የምናዝነው ሆዱ ሞልቶ ሳለ ነበር። በባለሙያ ምክር የሌሊቱ ምግብ ከተቀነሰ በአራተኛው ቀን ማንም ሳይጠይቀው ከእህቱ ሳህን ቁራሽ አንስቶ ላሰው። አልዋጠውም፤ እኛ ግን ለወራት ስንለምነው አድርጎት የማያውቀው ነገር ነበር።

የመዋጥ ችግር ባለሙያ፦ ሁለታችሁም የምትከራከሩት ስለ ፍጥነት ነው፤ እኔ የማስቀድመው ግን ልጁ ምግብና ፈሳሽ ወደ ሳንባው ሳይገባ መዋጥ መቻሉን ነው። አንዳንድ ልጅ ሳይስል ወደ ሳንባው ሊያስገባ ስለሚችል «አያስለውም» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም፤ ጥርጣሬ ካለ አዋዋጡ በኤክስሬይ ቪዲዮ ይታያል። ይህ ሳይጣራ ማስራብን እኔም እቃወማለሁ። ከተጣራ በኋላ ግን ከአባትየው ጋር ነኝ። በኦስትሪያ ግራትስ የዳበረውን ዓይነት ፈጣን ዘዴ የሚሠሩ ቡድኖች ልጁን በየዕለቱ ይመዝናሉ፤ የሽንቱንም መጠን ይከታተላሉ፤ ክብደቱ ምን ያህል ቢቀንስ ሂደቱ እንደሚቆምም አስቀድመው ይወስናሉ። ወላጅ ብቻውን ቤት ውስጥ የሚሞክረው ነገር አይደለም፤ የደም ስኳሩ ቶሎ የሚወርድ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ልጅማ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል።

እናትየዋ፦ ክትትሉ ካለ ተቃውሞዬ ይለዝባል፤ አንድ ነገር ግን አልለቅም። ልጁ የራበው ዕለት የሚጨነቀው ቤተሰብ ማንኪያውን ይዞ ማባበል፣ ብሎም አፉን መፈልቀቅ ይጀምራል። ያን ጊዜ ረሃቡ አስተማሪ መሆኑ ይቀርና አፉ እንደገና የትግል ሜዳ ይሆናል።

ባለሙያው፦ በዚህ እስማማለሁ። ስለዚህም ምግቡን ከፊቱ አስቀምጣችሁ እጁን እንዲያቆሽሽበት ተዉት፤ ሲጨርስም ሳትቆጡ አንሡት። ቱቦውንም ለመንቀል አትቸኩሉ፤ መብላት ከጀመረም በኋላ ጉንፋን የያዘው ሳምንት ውኃና መድኃኒት የሚወስድበት መንገድ ሊሆን ይችላል።

አባትየው፦ እኛ ዘንድ ቱቦው ለአምስት ወር ሳይነካ ቆይቶ ነው የወጣው።