በጎቲክ አጫጭር ልብ ወለዶች ስለሚታየው የአእምሮ መታወክ፦ የምክር ጥያቄ

የመመረቂያ ጽሑፌ የሚያተኩረው በጎቲክ፣ ማለትም አስፈሪና ምስጢራዊ ድባብ ባላቸው፣ አጫጭር ልብ ወለዶች ዋና ገጸ ባሕርያት ውስጣዊ ግጭትና የአእምሮ መታወክ ላይ ሲሆን፣ የንጽጽሩ ምዕራፍ ላይ ስደርስ መራመድ ስላቃተኝ የምታውቁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የማነጻጽረው፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1843 የታተመውን የኤድጋር አለን ፖ «አጋላጩ ልብ» እና በ1892 የወጣውን የሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን «ቢጫው የግድግዳ ወረቀት» ነው። የፖ ተራኪ ሽማግሌውን እንደሚወደው ይናገራል፤ ሆኖም ሞራ የለበሰውን ሰማያዊ ዓይኑን መታገሥ አቅቶት ሰባት ሌሊት በሩን በቀስታ እየከፈተ ይመለከተዋል፤ በስምንተኛው ይገድለዋል። ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ይህንኑ ጥንቃቄውን ለጤነኛነቱ ማስረጃ አድርጎ ማቅረቡ ነው። ታሪኩ ሲጀምር አእምሮው ታውኳል፤ በውስጡ ያለው ግጭት ጎልቶ የሚወጣው ግን ከግድያው በኋላ በመጡት ፖሊሶች ፊት ተቀምጦ የሟቹን የልብ ምት የሰማ ሲመስለው ነው።

በጊልማን ሥራ ሂደቱ የተገላቢጦሽ ይመስለኛል። ከወለደች ብዙም ያልቆየችው ሴት፣ ሐኪም የሆነው ባሏ ለዕረፍት ሲል መጻፍ ስለከለከላት ተደብቃ ትጽፋለች። በመታዘዝና በመጻፍ ፍላጎት መካከል ያለው ትግል ቀድሞ ይታያል፤ በግድግዳ ወረቀቱ ጌጥ ጀርባ የምትድኸውን ሴት ማየት የምትጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

በሥነ ልቦና ተንታኙ በፍሮይድ፣ በውስጣዊ ግጭት ላይ ባተኮረው ንድፈ ሐሳብ ሁለቱንም ለመተንተን ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን የጊልማንን ገጸ ባሕርይ የሚጫነው ኃይል በዋናነት ከውጭ የመጣ በመሆኑ ትንታኔው ጎዶሎ ሆነብኝ። አንደኛው ተራኪ ድርጊቱ ካለፈ በኋላ ሲናገር ሌላዋ ግን ከዕለት ዕለት እየመዘገበች መሆኗን መነሻ አድርጌ፣ በአተራረክ ጊዜ ላይ የተመሠረተ ንጽጽር ባካሂድ ያስኬዳል? ወይስ ሁለቱንም የሚያቅፍ የተሻለ የትንተና ማዕቀፍ ትጠቁሙኛላችሁ?