አስቸኳይ፦ ሰዓት ሠሪው ከአያቴ የኪስ ሰዓት ዕቃ ወሰደብኝ?

ናቲ፦ ወገኖች፣ ቶሎ መልሱልኝ። የአያቴ የኪስ ሰዓት ቀጥ ብሏል። በቁልፍ የሚሞላው ዓይነት ነው። ለጽዳት ሰጥቼው ነበር፣ ትናንት ተመለሰልኝ። ዛሬ ከፈትኩት። ቪዲዮ ላይ ባየሁት ሰዓት ከባላንሱ (ወዲያና ወዲህ ከሚወዛወዘው ክብ) አጠገብ ሹካ የመሰለች ብረት አለች፤ የእኔ ላይ የለችም! ሰውዬው በልቷታል። ምትኳ የት ይገኛል? ባላንሱን ልፈታው ካቻቢቴ ይዣለሁ።

ዘይቱ፦ የሲንጀር ዘይት ጠብ አድርግበት፣ ይነሳል።

ሄለን፦ ቆይ፣ ሰው ሌባ ከማለትህ በፊት የውስጠኛው ክዳን ላይ ምን ተጽፏል?

ናቲ፦ በፈረንሳይኛ «ሲሊንድር» እና «8 ሩቢ» (ስምንት የሩቢ ድንጋይ) ይላል። ምን አገናኘው?

ጋሽ መኩሪያ፦ በደንብ ይገናኛል፣ ልጄ። ሲሊንደር የሰዓቱን ጎማዎች ጥርስ በጥርስ እየያዘ የሚለቀው ክፍል ዓይነት ነው። የድሮዎቹ ቨርጅ የሚባሉ ነበሩ፤ ዘውድ የመሰለ ባለጥርስ ጎማና ሁለት ምላስ ያለው ዘንግ። ወፍራምና አስቸጋሪ! በ1726 ገደማ ለንደን ላይ ጆርጅ ግራሃም ሲሊንደርን አሻሻለ። ሹካ ያለው ሌቨር የሚባለው ዓይነት ደግሞ በ1750ዎቹ የመጣ የቶማስ ሙጅ ሥራ ነው። በእኔ እምነት ከዚያ ወዲህ...

ሄለን፦ ጋሼ፣ ልጁ እኮ ካቻቢቴ ይዟል! ናቲ፣ ሲሊንደር ድሮም ሹካ የለውም። የባላንሱ ዘንግ ራሱ ጎኑ የተቆረጠ ቱቦ ነው፤ የጎማው ጥርሶች ተራ በተራ በዚያ ያልፋሉ። ሰዓቱ ተሞልቶ እያለ ባላንሱን ካወጣህ ጎማዎቹን የሚይዝ የለም፤ ተንደርድረው ጥርስ ይሰብራሉ። ሌቨር ቢሆን ሹካዋ ትይዛቸው ነበር። መጀመሪያ የተሞላውን ጉልበት አውጣ፦ ቁልፉን አጥብቀህ ያዝ፣ ማገጃዋን ግፋ፣ ቁልፉን ቀስ እያልክ ልቀቀው።

ዳኒ፦ ቢነሳስ? የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ስድስት ሰዓት ይሳሳታል 😂

ዘይቱ፦ አልኩ እኮ፣ የሲንጀር ዘይት።

ጋሽ መኩሪያ፦ ኧረ ተው! ሲሊንደር ዘይት እንደሚፈልግ እውነት ነው፤ ጥርሱ ቱቦውን እየታከከ ነው የሚሠራው። ግን የሰዓት ዘይት፣ ያውም በመርፌ ጫፍ። ያንተ ፈሶ የባላንሱን ጥምዝ ሞላ ያጣብቀዋል።

ናቲ፦ እሺ፣ ታዲያ ለምን ቆመ? ያው ሰውዬው ነው!

ሄለን፦ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። የሲሊንደር ቱቦ ቀጭን ነው፤ ሰዓቱ አንዴ ከወደቀ ሊሰበር ይችላል። ጉልበቱን ካወጣህ በኋላ ባላንሱን በቀጭን እንጨት ነካ አድርገው። እንደ ልቡ ካልተወዛወዘ ችግሩ እዚያው ነው።

ናቲ፦ ማገጃዋ የትኛዋ ናት?

ሄለን፦ ቁልፉ ከሚገባበት ዘንግ ላይ ያለውን ጎማ እይ፤ ጥርሱ ላይ የተደገፈችው ትንሿ ምላስ ናት። ከመንካትህ በፊት ፎቶ ላክ።