የፂም ሳሙናዬ አረፋ አልይዝ አለ

ጠያቂ፦ ሰላም ጓዶች፣ የቆርቆሮውን ፎም ትቼ ደረቅ የፂም ሳሙናና ብሩሽ ጀምሬያለሁ፣ አረፋው መጀመሪያ ቆንጆ ነው ግን ፊቴ ላይ ወዲያው ይደርቅና ይጠፋል፣ ምላጩም ይጎትተኛል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሳሙና አንሶህ ነው ባይ ነኝ። ብሩሹን አርጥበህ በደንብ አራግፈው፣ ከዛ ሳሙናው ላይ 30 ሰከንድ ምናምን አሽከርክረው፣ ብዙ ሰው ነካ ነካ አርጎ ነው የሚተወው። ውሃውን ከዛ በኋላ ጠብ ጠብ እያረክ ጨምር፣ አንዴ አትድፋው! ትልልቅ አረፋ ካየህ አየር ነው፣ ማሸትህን ቀጥል፣ ድቅቅ ብሎ ሲያብረቀርቅና ጣትህ መሃል ሲያንሸራትት ደርሷል።

ሌላ መልስ፦ ልክ ነው ግን ውሃውስ? ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ከሆነ ከሳሙናው ጋር ዝቃጭ ይሰራል፣ ብታሸው ብታሸው አያረፋም። በዲስቲልድ ውሃ (ተንኖ የተጣራ፣ ማዕድን የሌለው) ሞክረውና ለውጥ ካለው ታውቀዋለህ። ብሩሹ ምንድነው?

ጠያቂ፦ የአሳማ ፀጉር፣ አዲስ ነው

ሌላ መልስ፦ አሃ! እሱ ውሃ ይመጥጣል፣ ከመጀመርህ በፊት ለብ ባለ ውሃ ትንሽ ዘፍዝፈው (ሲንቴቲክ፣ ማለት ሰው ሰራሽ ፀጉር ቢሆን አያስፈልገውም ነበር)። አሁን ቢቆረቁርህም አትጣለው፣ እየቆየ ጫፉ እየተሰነጠቀ ይለሰልሳል። የፈላ ውሃ ግን እንዳታስነካው