የዕቅድ ውይይት፦ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒት አዛዘዝ ልማድ በተኝቶና በተመላላሽ ሕክምና (ረቂቅ 3)

ጸሐፊ፦ የጥናት ገንዘብ መጠየቂያው ረቂቅ ሐሙስ ይገባል። ካለፈን ገንዘቡ እንዳምናው ለሌላ ቡድን ይሄዳል። ጥያቄያችን አንድ ነው። ሁለት የሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያርቅ፣ የሌለ ድምፅ የሚያሰማ ሕመም) መድኃኒት ይዘው ከሆስፒታል የሚወጡት ስንት ናቸው? ከስድስት ወር በኋላስ ስንቶቹ ሁለቱንም ይወስዳሉ? ካርድ የሚያወጣ ሁለት ሰው እፈልጋለሁ።

ሬዚደንት፦ እኔ አለሁ። ቅዳሜ ነፃ ነኝ።

ሲስተር (ዋርድ)፦ እኔም።

ዶክተር (ተመላላሽ)፦ ከርዕሱ «ልማድ» ይውጣ። ልማድ የሲጋራ ነው። እኔ አስቤ ነው የማዘው።

ፋርማሲስት፦ ቃል እኮ ነው ዶክተር።

ዶክተር (ተመላላሽ)፦ ቃል ከሆነ መቀየሩ ምን ያስቸግራል?

ሬዚደንት፦ «ዝንባሌ» ቢባልስ?

ዶክተር (ተመላላሽ)፦ ጭራሽ!

ሲስተር (ዋርድ)፦ «ሁኔታ» በሉትና እንለፍ።

ጸሐፊ፦ «ሁኔታ» ምንም አይናገርም። ገምጋሚዎቹ ባለፈው የጣሉብን በዚሁ ነው።

ዶክተር (ተመላላሽ)፦ «ልማድ» ካለ ስሜን አውጡልኝ።

ፋርማሲስት፦ እሺ፣ ዛሬ ጠዋት መስኮቴ ላይ የመጣውን ወረቀት ልንገራችሁ። ኦላንዛፒን 10 ሚሊግራም ማታ። ሃሎፔሪዶል 5 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ። ሁለቱም የሳይኮሲስ ናቸው። ሃሎፔሪዶሉ ላመጣው መንቀጥቀጥ ትራይሄክሲፌኒዲል። እሱ ላመጣው የሆድ ድርቀት ደግሞ ማለስለሻ። ሦስተኛው ሁለተኛውን፣ አራተኛው ሦስተኛውን እያከመ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የቀን መለኪያ (ለአንድ አዋቂ በቀን የሚታሰበው አማካይ መጠን) ኦላንዛፒን 10፣ ሃሎፔሪዶል 8 ሚሊግራም ነው። አንድ ሰው የሁለት ሰው እየወሰደ ነው ማለት ነው። ሃሎፔሪዶሉ ወደ ኦላንዛፒን ሲቀየር ለሁለት ሳምንት ብቻ እንዲደራረብ ነበር የታዘዘው። ሁለት ዓመት ሆነው። ከታች «ይደገም» ይላል። ይሄ ልማድ ካልሆነ ምንድን ነው?

ሬዚደንት፦ 🙊

ዶክተር (ተመላላሽ)፦ «ይደገም» ያልኩት እኔ ልሆን እችላለሁ። ሰልፉን ግን አይተሽዋል? ሰውየው ተረጋግቷል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ከዋርድ የመጣው ወረቀት አቁሙ አይልም። ነክቼው ቢያገረሽበት ማን ሊጠየቅ ነው?

ሲስተር (ዋርድ)፦ ወደ ዋርድ አትግፉት። መውጫ ወረቀቱ ላይ መድኃኒት፣ መጠን፣ በቀን ስንቴ የሚል ቦታ አለ። «እስከ መቼ» የሚል የለም። የት እንጻፈው፣ ጀርባው ላይ?

ዶክተር (ተመላላሽ)፦ አሁን ገና ቁም ነገር ተወራ። ሲስተር ልክ ናት። ፋርማሲስት፣ ቅድም ቆጣ ብያለሁ።

ፋርማሲስት፦ ችግር የለም። እኔም ነገር አጋንኛለሁ። ግን «ልማድ»ን አልተውኩም።

ሲስተር (ዋርድ)፦ ታዲያ «እስከ መቼ» የሚል አምድ በዚህ ገንዘብ እናሳትም። ሲረበሹ የሚሰጠው መርፌም ለብቻው ይጻፍ። «ሲያስፈልግ» ተብሎ የታዘዘው መርፌ፣ ሰውየው ሲወጣ አብሮት ይወጣል።

ዶክተር (ተመላላሽ)፦ ለክሎዛፒንም አምድ ይጨመር። እሱም የሳይኮሲስ መድኃኒት ነው፣ ነጭ የደም ሴል ሊያሳንስ ይችላል። መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ የነጭ ደም ሴል ቆጠራ አለ። ውጤቱን በስልክ እየለመንኩ ነው የማገኘው።

ጸሐፊ፦ ቆይ፣ የምንጠይቀው ገንዘብ ሁለት መድኃኒት የሚወስዱትን ለመቁጠር ነው። ለሕትመት አይደለም።

ዶክተር (ተመላላሽ)፦ «የመረጃ መሰብሰቢያ ቅጽ» በይው።

ፋርማሲስት፦ ቆጠራውስ? አሁን ስንት እንደሆኑ ሳናውቅ ቅጹ መጥቀሙን በምን እናያለን?

ሬዚደንት፦ ቅዳሜ ተረኛ አድርገውኛል። ይቅርታ።

ሲስተር (ዋርድ)፦ እኔ የቅጹን ረቂቅ ልሥራ። ካርድ ማውጣቱን ሌላ ሰው ይያዘው።

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 4 ልኬያለሁ። ርዕሱ «የመውጫ ወረቀት ዝግጅት» ሆኗል። ቆጠራው «በቀጣይ» በሚለው ሥር ነው። ካርድ የሚያወጣ አሁንም እፈልጋለሁ።

ዶክተር (ተመላላሽ)፦ አየሁት። ስሜ ይግባ።

ፋርማሲስት፦ ከመስኮቴ የሚያልፉትን፣ ሁለት የሳይኮሲስ መድኃኒት ያለባቸውን ወረቀቶች በደብተር መመዝገብ ጀምሬያለሁ። ዛሬ ብቻ አራት ደረሱ። በረቂቁ ባይገባም።